ለአሮጌ ቮልስ አዲስ መሪ

የመኪናውን ውስጥ ሊያስውብ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ ከወንበር ልብስ ይጀምራል። ከዚያ ቴፕ፣ ምንጣፍና የጣራ ጨርቅ ይከተላሉ። መሪ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ገንዘብ ከተረፈ ነው። እኔ ግን ከመሪው ጀምሩ ባይ ነኝ። ሾፌር መኪናው ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ሲነዳ እጁን የማይነቅልበት እሱ ነው። ጎማው ጠጠር ላይ መውጣቱን፣ አስፋልቱ መርጠቡን፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳቡን ቀድሞ የሚነግረው በመዳፍ በኩል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ ከቮልስ የሚመች መኪና አላውቅም። ኤርባግ የለው፣ መሪውን የሚያግዝ ፓወር ስቲሪንግ የለው። የክላክሱን መሸፈኛ ሲያነሡት አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ነው የሚታየው። ባለቤቶቹም ይወዱታል፤ ቀለሙን በየጊዜው ያሳድሱለታል፣ ወንበሩን በቆዳ ያሰፉለታል። መሪው ግን ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው የገጠመለት፣ ፀሐይ የሰነጠቀው ያው ቀጭን ፕላስቲክ ነው።

ከፋብሪካው ውጭ መሪ ሠርቶ መሸጥን ጥበብ ያደረጉት ጣሊያኖች ናቸው። ኤንሪኮ ናርዲ በቱሪን የሠራቸው የእንጨት መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በነበሩት ፌራሪዎች ላይ ተገጥመው ስማቸው ናኘ። ጃንፒየሮ ሞሬቲ የተባለው እሽቅድምድመኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ለራሱ መኪና ከተለመደው ያነሰና መያዣው ወፈር ያለ መሪ አሠራ። ጓደኞቹ አይተው ወደዱለት፤ በዚያው ዓመት በፌራሪ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጆን ሰርቲስም ተጠቀመበት። ሞሞ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው፤ ስሙም የሞሬቲና የሞንዛ የመጀመሪያ ፊደላት ጥምር ነው። ከዚህ ታሪክ ልብ የሚባለው ሞሬቲ መሪውን ያሳነሰው ለጌጥ አለመሆኑ ነው፤ እጁ የሚፈልገውን ስለሚያውቅ ነው።

ዛሬ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙንና ስፌቱን ነው፤ መታየት ያለበት ግን ስፋቱ ነው። የቮልስ መሪ ከዳር እስከ ዳር ወደ 400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም፤ መሪ በሰፋ ቁጥር ጉልበት ይቆጥባል። በ320 ሚሊ ሜትር መሪ ቢተኩት ያንኑ ጎማ ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት በሩብ ያህል ይጨምራል። አውራ ጎዳና ላይ አይታወቅም። ጠባብ ቦታ ላይ ለማቆም ወዲያና ወዲህ ሲሉ ግን ትከሻ ይመሰክራል። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊቱ ቀላል ነው፤ ስለዚህ በመጠኑ ማሳነሱን ይችለዋል። ለዕለት መንጃ ከ360 እስከ 380 ያለው ይበቃል እላለሁ። ሞተሩ ከፊት ለሆነ፣ ፓወር ስቲሪንግ ለሌለው አሮጌ መኪና ግን ከዚያ መውረድ ራስን መቅጣት ነው።

ቀጥሎ ጥልቀቱ አለ። አንዳንዱ መሪ እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መሀሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ዙሪያው ወደ ሾፌሩ ይወጣል። ጥልቁ ፎቶ ላይ ያምራል። ቮልስ ላይ ግን የመሪው ዘንግ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይስተካከልም፤ የሚገጠምበት ማያያዣ ብረትም የራሱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። ሁለቱ ሲደመሩ መሪው ደረት ሥር ይገባል፤ የፍሬቻው ዘንግ ደግሞ ከጣት ይርቃል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ጀርባን ወንበሩ ላይ ደግፎ፣ ትከሻን ሳያነሡ ክንድን ወደ ፊት መዘርጋት። የእጅ አንጓ የመሪው አናት ላይ ካረፈ ልኩ ያ ነው። ጣት ብቻ ከደረሰ መሪው ሩቅ ነው፤ ክርን መታጠፍ ግድ ከሆነበት ደግሞ ከሚገባው በላይ ቀርቧል።

ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ የውድድር መኪና የሚያስመስለውን አልመክርም። የቮልስ መሪ ከዳር ዳር ከሁለት ዙር በላይ ይዞራል፤ ጠፍጣፋው ጎን በዞረ ቁጥር እጅ ይሳሳታል። እንጨት ለዓይን ደስ ይላል፤ ላብ ባለው መዳፍ ግን ያንሸራትታል። ሱፍ የሚመስለው ለስላሳ ቆዳ ጥሩ መያዣ ነው፤ የእጅ ወዝ ሲጠጣ ግን ይረግፋል፣ ያብረቀርቃል። ለየቀኑ ተራ ቆዳ ይሻላል፤ ስፌቱ ወደ ውስጠኛው ዙሪያ የዞረና መዳፍን የማይቧጥጥ ይሁን።

ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ ማያያዣው ብረት ነው። የመሪው ዘንግ ጫፉ ጥርስ አለው፤ ማያያዣው ከዚያ ጥርስ ጋር በልኩ መግባት አለበት፤ የቮልስ ጥርስ ደግሞ እንደ ሥሪት ዘመኑ ይለያያል። የመሪው ቀዳዳዎች ስድስት ናቸው፤ ግን የሞሞው ክብ 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን የናርዲው 74 ነው። በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው፤ ብሎኑ ግን አይገባም። ቀዳዳውን በሞረድ አስፍቶ እንግጠመው የሚል ሜካኒክ ካጋጠመ ዕቃውን ይዞ መውጣት ነው። የሞሞና የናርዲ ስም የተለጠፈባቸው አስመስለው የተሠሩ መሪዎችም በየገበያው ሞልተዋል። ገልብጦ ብየዳውንና የክንዶቹን ውፍረት ማየት፣ በሁለት እጅ ይዞ ለማጣመም መሞከር ያዋጣል።

ኤርባግ ላለው መኪና፣ ለቪትዝም ሆነ ለዘመናዊ ኮሮላ፣ ምክሬ አጭር ነው፤ መሪውን አትንኩት። ኤርባጉን አውጥቶ፣ በቦታው ሬዚስታንስ አስሮ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱ እንዳይበራ የሚያደርግ ሠሪ አለ። መብራቱ ይጠፋል፤ በግጭት ጊዜ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት የሚነፋው ትራስም አብሮ ይጠፋል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ጋራዥ አውቆ ኤርባግ ማሰናከል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ያንኑ የፋብሪካ መሪ በጥሩ ቆዳ ማሰፋት ይቻላል፤ ሰፊው የኤርባጉን ክዳን እስካልነካ ድረስ።

ወደ ቮልሱ ስንመለስ፣ ሲገጠም ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ባትሪው ይነቀል፣ መሪውና ዘንጉ ላይ ትይዩ ምልክት ይደረግ። መሪው እስኪለቅ ድረስ ዳዶው ይላላ እንጂ ጨርሶ አይውጣ። መሪው ለዓመታት ጥርሱ ላይ ነክሶ ስለሚቆይ የሚለቀው በድንገት ነው፤ ዳዶው ከሌለ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው። አዲሱ ከገባ በኋላ ፍሬቻው ከመታጠፊያው በኋላ ራሱ መመለሱን፣ ክላክሱ መሪው በየትኛውም ወገን ዞሮ ሳለ መጮሁን መሞከር ያሻል። ስድስቱን ብሎኖች ትይዩ ትይዩአቸውን እያፈራረቁ፣ ቀስ በቀስ ማጥበቅ፤ ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላም እንደገና መፈተሽ ነው።