የዘማች ቤት አደራ

በቀድሞው ዘመን ዘማች ሲነሣ ቤቱም አብሮት ይነሣ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተውን ሠራዊት ብዙ ሴቶች ተከትለውት ነበርና፥ ስንቅ እያሰናዱ፥ ውሃ እየቀዱ፥ ቍስለኛ እያስታመሙ ከባሎቻቸው ጋራ ድካሙን ተካፈሉ። ዘመናዊው ጦር ከተቋቋመ ወዲህ ግን ይህ ልማድ ቀረ። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲሄድ መንገዱ የባሕር ነበርና ሚስት ልትከተል አልቻለችም። ዛሬም ብዙ ወታደር በጠረፍ፥ ሚስቱ በከተማ፥ ተለያይተው ይከርማሉ።

ከዚህ መለያየት የሚወለደውን ነውር ሰው ሁሉ አስቀድሞ በሴቲቱ ላይ ይጭነዋል። እኛ ግን በችሎት ተቀምጠን ቃል ስንጽፍ ያየነው ሌላ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ወታደር ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሚስቱን በዝሙት ከሰሰ። እርሷም አልካደችም፤ ነገር ግን «ከሄደ ጀምሮ አንዲት ደብዳቤ እንኳ አልጻፈልኝም። በሰፈረበት አገር ሌላ ጎጆ መቀለሱን ሰማሁ። ልጆቼ ሲራቡ እህል ያበደረኝ አንድ የከተማ ባለጠጋ ነው፤ በኋላም ዋጋውን በዚህ አስከፈለኝ» አለች። ባልየው ስለዚያች ጎጆ በተጠየቀ ጊዜ አንገቱን ደፋ። ትዳሩ ፈረሰ፤ ልጆቹም ወደ አያታቸው ሄዱ። በዚያ ነገር ውስጥ በደለኞቹ ሦስት ነበሩ፤ በችሎት የቆሙት ግን ሁለት ብቻ ናቸው።

ስለ ሦስተኛው ስናስብ የኦርዮ ታሪክ ትዝ አለን። ኬጢያዊው ኦርዮ ከዳዊት ኀያላን አንዱ ነበር። ኢዮአብ ረባትን ከቦ ሳለ፥ ንጉሡ በኢየሩሳሌም ቀርቶ የወታደሩን ሚስት ቤርሳቤህን አስመጥቶ ደረሰባት። በፀነሰችም ጊዜ ነገሩን ሊሸፍን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ኦርዮ ግን ታቦቱና ባልንጀሮቹ በድንኳን ሳሉ እኔ ወደ ቤቴ አልገባም ብሎ በቤተ መንግሥቱ ደጅ አደረ። ንጉሡም የሞቱን ትእዛዝ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ላከው። ነቢዩ ናታን መጥቶ የገሠጸው ሴቲቱን አይደለም፤ ንጉሡን ነው።

ሕጋችንም ከዚህ አይርቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መተማመንን የባልም የሚስትም ግዴታ ያደርጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም፥ የተበደለው የትዳር ጓደኛ ሲከስ፥ ያመነዘረውን ባለትዳር ወንድ ሴት ሳይለይ፥ ተባባሪውንም ጭምር ይቀጣል።

ስለዚህ ይህን እናሳስባለን። ዘማቹ ደመወዙን በየወሩ ለቤቱ ያድርስ፤ ደብዳቤም ሆነ ስልክ አያቋርጥ፤ ከሚስቱ የሚሻውን ንጽሕና በሰፈሩ ይጠብቅ። ሚስቲቱም ችግሯን ለብቻዋ ይዛ ከመጨነቅ ለዘመድና ለአዛዡ ትንገር። አዛዡም ፈቃድን ሳያዳላ በተራ ይስጥ፤ የረሀብን አቤቱታ ሲሰማ ነገ አይበል።

በከተማ የቀራችሁ ሹማምንትና ባለጠጎች ሆይ! ድንበራችሁን ሊጠብቅ የሄደው ሰው ደጁን ለእናንተ ትቶ ነው የሄደው። እህል ስትሰጡ ስለ አደራው ስጡ እንጂ ዋጋ አትጠብቁበት።