የወተት ጠርሙሶች፡ ከጠፉት የአሜሪካ ወተት ድርጅቶች የቀረው ስም

በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ባዶ የወተት ጠርሙስ ፈላጊ አያጣም። ሰብሳቢዎች ጠርሙሱን አንስተው በቅድሚያ የሚያነቡት በላዩ የተቀረጸውን የድርጅትና የከተማ ስም ነው። በአንድ ወቅት ትንንሽ ከተሞች ሳይቀሩ የራሳቸው ወተት አቅራቢዎች ነበሯቸው። ዛሬ አብዛኞቹ የሉም።

ጠርሙሱ ከመምጣቱ በፊት ወተት በጋሪ እየዞረ፣ ከትልቅ የቆርቆሮ ዕቃ እየተቀዳ በገዢው ዕቃ ይሰፈር ነበር። ለአቧራና ለዝንብ የተጋለጠ ከመሆኑም በላይ ከየትኛው በረት እንደመጣ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ እምብዛም አልነበረም።

አደጋው ቀላል አልነበረም። በአውሮፓውያኑ 1858 ፍራንክ ሌስሊ የተባለው አሳታሚ በኒውዮርክ የአልኮል መጥመቂያዎች አተላ የሚመገቡ የታመሙ ላሞች ወተት ለሕዝብ እንደሚሸጥ በሥዕላዊ ጋዜጣው አጋለጠ። ወተቱ ነጭ እንዲመስል ጠመኔ ይጨመርበት ነበር። የበርካታ ሕፃናት ሞትም ከዚሁ ወተት ጋር ተያይዟል።

በ1884 በኒውዮርክ ግዛት፣ በፖትስዳም ከተማ የሚኖረው ሐኪም ሄርቪ ታቸር የሚከደን የወተት ጠርሙስ ሠራ። ሐሳቡ የመጣለት የአንዲት ልጅ የቆሸሸ አሻንጉሊት ወተት አዳዩ ዕቃ ውስጥ ሲወድቅ አይቶ እንደሆነ ይነገራል።

በጠርሙሱ ላይ የሚቀረጸው ስም ሁለት አገልግሎት ነበረው። አንደኛው ለወተቱ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ማሳወቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጠርሙሱ ታጥቦ ደጋግሞ ስለሚሞላ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

ሆኖም ንጹሕ ጠርሙስ ብቻውን በቂ አልነበረም። የሳንባ ነቀርሳና የታይፎይድ ተህዋስያን በወተት ይተላለፉ ስለነበር፣ ቺካጎ በ1908 ወተት በሙቀት እንዲታከም የሚያስገድድ ደንብ በማውጣት ከአሜሪካ ከተሞች ቀዳሚ ሆነች።

በ1930ዎቹ በቀለም የታተሙ ጽሑፎችና ሥዕሎች የተቀረጸውን ፊደል እየተኩ መጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ጠርሙሶቹ የጦርነት ቦንድ እንዲገዛ የሚቀሰቅሱ መልዕክቶችን ይዘው በየደጃፉ ይቀመጡ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ግን የቤት ማቀዝቀዣ፣ ሱፐርማርኬትና የካርቶን ማሸጊያ ተስፋፉ፤ ፕላስቲክም ተከተለ። በየቀኑ ቤት ለቤት ማደል አስፈላጊነቱ ሲቀንስ ትንንሾቹ ድርጅቶች ተዘጉ፣ አልያም በትልልቆቹ ተጠቀለሉ።

ሰብሳቢዎች ዛሬ አጥብቀው የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ የታላላቆቹን ጠርሙስ አይደለም። ለጥቂት ዓመታት ሠርቶ የተዘጋ፣ ጥቂት ጠርሙስ ብቻ ያስቀረጸ የአንድ ትንሽ ከተማ ድርጅት የተሻለ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ጠርሙሱ እንዲመለስለት የተቀረጸው ስም፣ ድርጅቱ በዚያ ከተማ እንደነበረ ከሚመሰክሩ ጥቂት ነገሮች አንዱ ሆኗል።