ነገረ ጓርኒሲዮን

ባለፈው እሑድ የላዳዬን ፎቶግራፍ በዚህ ቻናል ላይ ባወጣሁ ጊዜ፣ ከወዳጆቼ አንዳንዶቹ መልኳን ከማመስገን አልፈው ከሥሯ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ምን እንደ ሆነ ስለ ጠየቁኝ፣ የዘይቱን ነገር ከጥንቱ ጀምሬ እንዳለ ብተርከው የእኔን ድካም ሌላ ሰው እንዳይደግመው ይረዳ ይሆናል በማለት ይህን ጽፌአለሁ። ረዘም ስለሚል ቡና ይዞ መቀመጥ ይሻላል።

የምኖረው በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ፣ የሳሪስ አቦ የሌሊቱ ማሕሌት ነፋሱ በቀና ጊዜ እስከ መኝታ ቤት በሚሰማበት ሠፈር ነው። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ያለ ሽቦ ቃል ያስተላልፍ ከነበረው ከጥንቱ የቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ ሽቦ ሳይዘረጋ የሚሄደውን ቃል ነፋስ ካልተሸከመው ማን ይሸከመዋል ብሎ ስሙን ያወጣው ሰው ባለቅኔ መሆን አለበት። መንገዱ ደግሞ የዘይት ስም አለበት፤ ደብረ ዘይት ማለት የወይራ ተራራ ነውና፣ ከተማዪቱ ቢሾፍቱ ወደሚለው ስሟ ከተመለሰች በኋላ እንኳ መንገዱ በዚያው ስም ሲጠራ ይኖራል። በነፋስና በዘይት መካከል ቤት ሠርቼ መኖሬን ያስተዋልሁት መኪናዬ ማንጠባጠብ ከጀመረች ወዲህ ነው፤ በመጨረሻም የዘይቱ ምክንያት ነፋስ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱን በቦታው እናገረዋለሁ።

ላዳዋ በደርግ ዘመን ከገቡት አንዷ ስትሆን፣ ዛሬ ነጭ ብትቀባም ኮፈኗ ሲከፈት በማእዘኑ የቀረው ሰማያዊ ቀለም የታክሲነት ዘመኗን ይመሰክርባታል። የትውልዷ ነገር እንዲህ ነው፤ የኢጣልያው የፊያት ኩባንያና የሶቪየት መንግሥት በ1958 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል መሠረት፣ ፊያት 124 የተባለችው መኪና እንደ አብነት ተወስዳ፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር በኢጣልያዊው የኮሙኒስት መሪ በፓልሚሮ ቶልያቲ ስም በተሰየመችው በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ ቆመ፤ የመጀመሪያዎቹም መኪናዎች በ1962 ዓ.ም. ወጡ። ሩስያውያኑ ግን አብነቱን ሲገለብጡ ሞተሩን እንደ ነበረ አልተዉትም፤ ባልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን የካም ዘንግ ከታች አንሥተው ከቴስታታው በላይ አስቀመጡት፤ ስለዚህ በላዳ ሞተር ራስ ላይ ያለው የቆርቆሮ ክዳን ከሥሩ ዘንጉንና በዘንጉ ላይ የሚረጨውን ትኩስ ዘይት ይሸፍናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልሻም። ጣልያኖች በአገራችን በቆዩበት በዚያ በአምስቱ ዓመት ብዙ ክፉ ነገር ሠርተው ሲሄዱ፣ ለጋራዦቻችን አንድ ሙሉ መዝገበ ቃላት ጥለው ሄደዋል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ሁሉ የእነርሱ ነው። የዛሬ ወጣቶች ጋስኬት የሚሉትን ሽማግሎቹ ጓርኒሲዮን ይሉታል፤ እኔም የሽማግሎቹን ይዣለሁ። እንዲህ ከሆነ ላዳዋ በሩስያ ተወልዳ በአዲስ አበባ ስትታከም፣ የአያቶቿን ቋንቋ የምትሰማው ከሐኪሞቿ አፍ ነው ማለት ነው።

ጓርኒሲዮን ምንድን ነው ቢሉ፣ በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ መካከል የሚገባ ለስላሳ ነገር ነው። ሁለት ብረት ምንም ያህል ቢላግ በዓይን የማይታይ ጎድጓዳ አይጠፋበትምና፣ ትኩስ ዘይት ያችን ጎድጓዳ ፈልጎ ይወጣል፤ ስለዚህም እንደ ቦታው ጠባይ ከቡሽ ወይም ከወረቀት ወይም ከጎማ የተቆረጠ ልጥፍ በመካከል ይደረግና ብሎኑ ሲጠብቅ ተጨምቆ ጉድጓዱን ሁሉ ይሞላል። ከጊዜ በኋላ ግን የሞተሩ ሙቀት ያበስለዋል፤ ቡሹ ልስላሴውን አጥቶ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል፣ ጎማውም እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል፤ ያን ጊዜ የመጨመቅ ጠባዩ ስለ ጠፋ ብሎኑን ማጥበቅ ምንም አይጠቅመውም፣ እንዲያውም ይጎዳዋል።

የእኔ መከራ የጀመረው ክረምቱ እንደ ወጣ ነው። ጎተራ ማሳለጫ ላይ ተሰልፈን ስንቆም የተቃጠለ ዘይት ሽታ በአየር ማስገቢያው እየገባ ያፍነኝ ጀመር፤ ማታም ከሥሯ የዘረጋሁት ካርቶን ሲነጋ የሳንቲም ያህል እድፍ ይገኝበታል። የቦሎው ምርመራ ቀን ተቃርቦ ስለ ነበር ቸኩዬ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። ልጁ ከሥር ገብቶ ወዲያው ወጣና «ኮፓው ነው» አለኝ፤ የዘይቱን ገንዳ ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቀ፣ ዙሪያውንም ሲሊኮን ለቀለቀበት፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እድፉ በካርቶኑ ላይ ተመለሰ፤ መጠኑም ከቀድሞው በለጠ።

ይህ ስሕተት በከተማችን በየቀኑ የሚደረግ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናዪቱ ስትሄድ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከየትም ቢወጣ መጨረሻ የሚሰበሰበው በሞተሩ ታችኛና ኋለኛ ክፍል፣ ማለት በኮፓውና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ነው። ከሥር ገብቶ ለሚያይ ሰው ኮፓው ሁልጊዜ ጥፋተኛ ይመስላል። በላዳ ላይ ደግሞ ኮፓውን በእውነት ለማውረድ የፊተኛው ተሻጋሪ ብረት ስለሚከለክል ሞተሩን ከመቀመጫው ፈትቶ ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አንድ ሰው በሃያ ደቂቃ «የኮፓውን ጓርኒሲዮን ቀየርሁልህ» ካለ፣ አልቀየረም።

ሁለተኛ የሄድሁት ላፍቶ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። አጎንብሰው ነጠብጣቡን ካዩ በኋላ፣ የሐዲስ መምህር ንባቡን አውርዶ ትርጓሜውን እንደሚያወጣ፣ ጣታቸውን እያጠፉ «አንድም ከባልቮላው ክዳን ነው፤ አንድም ከቤንዚን ፓምፑ ሥር ነው፤ አንድም ከኋላው ፓራኦሊ ነው» አሉና፣ ትንሽ ቆይተው «አንድም ሦስቱም ነው» ብለው ጨረሱ።

«ታዲያ በምን እናውቃለን፣ አባባ?» ብላቸው፣

«አጥበን ነዋ፣ ልጄ። በቆሸሸ ሞተር ላይ ማን ምን ያነብባል?» አሉኝ።

ሞተሩ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ታጠበ፣ በኮምፕሬሰር ደረቀ፤ ከዚያም ሽማግሌው ከመሳቢያቸው የሕፃን ፓውደር አውጥተው በመጋጠሚያዎቹ ሁሉ ላይ ነሰነሱበትና እስከ ጀሞ ነድቼ እንድመለስ አዘዙኝ። ስመለስ ኮፈኑን ከፈትን፤ በነጩ ዱቄት ላይ ከክዳኑ ኋለኛ ማእዘን የጀመረ ቀጭን ጥቁር መሥመር በቴስታታው ጀርባ ወርዶ ወደ ካምቢዮው ሲሄድ፣ በብራና ላይ እንደ ተጻፈ ፊደል ይነበብ ነበር። የቤንዚን ፓምፑ ሥር ንጹሕ ነው። ኮፓው፣ ያ ሲሊኮን የተለቀለቀበት ምስኪን፣ ምንም በደል አልነበረበትም።

የክዳኑን ሥራ ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላልና እንዳየሁት ልጻፈው። ሞተሩ በርዶ ማደር አለበት። የአየር ማጣሪያው ቤት ይነሣል፤ ክዳኑን የያዙት ስምንት ዳዶዎች በ10 ቁልፍ ይፈታሉ። ሽማግሌው ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማንሣትን እንደ ኃጢአት ስለሚቈጥሩት፣ በእንጨት እጀታ ጎንና ጎኑን መታ መታ አድርገው አላቀቁት። አሮጌው ቡሽ ግማሹ ከክዳኑ፣ ግማሹ ከአሉሚኒየሙ ተጣብቆ ቀረ። ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይወርድ ጨርቅ ጠቀጠቁና፣ በአሮጌ ምላጭ እያዘነበሉ፣ አሉሚኒየሙን ሳይቧጥጡ፣ ላጩት፤ በመጨረሻም ቤንዚን በነካ ጨርቅ ወለወሉት። ይህን ብቻ ሲሠሩ አንድ ሰዓት ሄደ።

ከዚያ ያላሰብሁትን ነገር አሳዩኝ። ክዳኑን ገልብጠው በመስተዋት ላይ አስቀመጡትና በጠርዙ ሥር ብርሃን እንድመለከት ጠሩኝ፤ በየብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ቆርቆሮው ወደ ታች ጎብጦ፣ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ጠርዝ ከመስተዋቱ ተነሥቶ ነበር። ለብዙ ዓመታት ዘይቱ በታየ ቁጥር ዳዶውን ያጠበቀው እጅ ሁሉ፣ የእኔም ጭምር፣ እድፉን ለማቆም ሲል መውጫውን ሲያሰፋለት ኖሯል። ሽማግሌው ጠርዙን በወይራ እንጨት ላይ አጋድመው በትንሽ መዶሻ አንድ በአንድ እየቀጠቀጡ አቀኑት፤ እስኪጨርሱም አራት ጊዜ ወደ መስተዋቱ ተመላለሱ። ክዳኑ ክፍት ሳለ የባልቮላዎቹን ክፍተት በስስ የብረት ምላስ ለኩ፤ በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው ሁለቱ ሰፍተው ስለ ተገኙ አስተካከሉአቸው።

አዲሱን ጓርኒሲዮን ከመርካቶ ሱማሌ ተራ ነበር የገዛሁት። በመደርደሪያ ላይ ብዙ ዘመን የቆየ ቡሽ ደርቆ ስለሚያጥር ቀዳዳዎቹ ከብሎኖቹ ጋር አልገጥም ቢሉ፣ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ቢነከር ይለጠጣል፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ልመልሰው ተነሥቼ ነበር። ማስቲሹም በክዳኑ ወገን ብቻ በስሱ ይቀባል እንጂ በሁለቱም አይደለም፣ ሌላ ጊዜ ሲከፈት በሰላም እንዲለቅ። ሲሊኮን የሚያበዙ ሰዎች የማያዩት ነገር አለ፤ በውጭ የሚታየው ትርፍ ያህል በውስጥም ይወጣል፣ የውስጡም ትርፍ ተቈርጦ ወደ ዘይቱ ገንዳ ይወርድና የዘይት ፓምፑን ማጥለያ ይደፍናል። ዳዶዎቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በመስቀልኛ፣ በአጭር ቁልፍና በሁለት ጣት ብቻ ይጠብቃሉ።

ሥራው እንዲህ አምሮ ከተፈጸመ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ዘይቱ ተመለሰ።

አፍሬም ተናድጄም ወደ ላፍቶ ሄድሁ። ሽማግሌው ክዳኑን አልነኩትም፤ ሞተሩን አስነሥተው የዘይቱን መሙያ ክዳን ከፈቱ። ከቀዳዳው፣ ከጀበና አፍ እንደሚወጣ እንፋሎት፣ ጭስ እየተገፋ ቱፍ ቱፍ ይል ጀመር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «እኔም ረሳሁት» አሉ፤ ይህን ቃል በጋራዥ ውስጥ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚኑ በሲሊንደር ውስጥ ሲነድ ከሚፈጠረው ነፋስ ጥቂቱ በፒስተኑና በፋሻዎቹ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል፤ በአዲስ ሞተር ጥቂት፣ በአሮጌ ሞተር ብዙ ነው። ይህ ነፋስ መውጫ እንዲያገኝ ከሞተሩ ጎን ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄድ ወፍራም የጎማ ቱቦ ተሠርቶለታል፤ ሞተሩ አየር ሲስብ እርሱንም አብሮ ስቦ ያቃጥለዋል። ቱቦው ከተደፈነ ነፋሱ በሆድ ውስጥ ይከማችና ዘይቱን በየመጋጠሚያው እየገፋ ያወጣል፤ ያን ጊዜ አዲስ ጓርኒሲዮን ይቅርና የተበየደ ብረትም የሚያላብ ይመስለኛል።

ሽማግሌው ቱቦውን ነቅለው አንድ ጫፉን በአፋቸው ያዙና እንደ እንቢልታ ነፊ ጉንጫቸውን ነፍተው ነፉ፤ ምንም አላለፈም። በቱቦው ውስጥ እሳት ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ የተደረገ ትንሽ ብረት አለ፤ በፒንሳ ስበው ሲያወጡት በጥቁር ሙጫ ተለብጦ ቅርጹ እንኳ አይለይም ነበር። በነጭ ጋዝ ዘፍዝፈው አጠቡት፣ ቱቦውንም በሽቦና በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ገጠሙት። ከመሙያው የሚወጣው ቱፍታ በዚያው ቅጽበት ጸጥ አለ። የተጎዳውን ቡሽ በሌላ ቀየርነው፤ እነሆ ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ሆነው፣ ክዳኑ ደረቅ ነው፣ ጎተራ ላይም የሚሸት ነገር የለም።

እንግዲህ በፎቶግራፉ ላይ ያያችሁት ነጥብ ከወዴት መጣ ብትሉ፣ ከሦስቱ አንድምታዎች የቀረችው ናት፤ የኋላው ፓራኦሊ፣ ማለት ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት፣ በሳምንት አንዲት ጠብታ ይጥላል። እርሱን ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ሽማግሌውም ፍሪሲዮኑ ማለቂያው ስለ ተቃረበ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ካምቢዮ አይወርድም፣ አብሮ ይቀየር ብለውኛል። ከ3.75 ሊትር ዘይት በሳምንት አንዲት ጠብታ እስከዚያ ትታገሣለች፤ ካርቶኑን በየቅዳሜው እቀይራለሁ።