ለቁም ነገር ነው ወይስ ለጊዜው?

በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ሐበሾች የጋብቻና የቤተሰብ ምክር እሰጣለሁ። ካላገቡ ደንበኞቼ አብዝቼ የምሰማው «እኔና እሱ ምን እንደሆንን አላውቅም» የሚለውን ነው። በነፃ ዴቲንግ አፕ ተዋውቀዋል፣ ወራት ሙሉ ቡና ጠጥተዋል፣ አብረው ያደሩም አሉ። ምን ፈልገው እንደተገናኙ ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

አፕ ውስጥ መግባታቸውን አልነቅፍም። አንዷ ነርስ ናት፣ ሌሊት ትሠራለች፤ ሌላው ቀን እየተማረ ማታ ኡበር ይነዳል። «እገሊት ጨዋ ልጅ ናት» ብላ የምትጠቁም ጎረቤት እዚህ የለችም። የስታንፎርዱ ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ በ2017 በአሜሪካ ከተጣመሩት ወንድና ሴት ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተዋወቁት በኢንተርኔት ነበር። «ከስልክ የተገኘ ባል ባል አይሆንም» የሚሉኝ እናቶች ልጆቻቸው የሚኖሩት በዚሁ አገር መሆኑን ቢያስቡልኝ እወዳለሁ።

ሽማግሌ ሲላክ ዓላማው ከደጃፍ ጀምሮ የታወቀ ነበር። የመጡበት ጉዳይ ይነገራል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ የልጁ ጠባይ ይጠናል። በዚያ ሥርዓት ስንት ሴት ልጅ ሳትጠየቅ ተድራለችና እንዳለ ይመለስ አልልም። ነገር ግን «ምን ፈልገህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው ነበር። አፕ ላይ ጥያቄው ለሁለቱ ብቻ ቀርቷል፤ ሁለቱንም ይሉኝታ ይዟቸዋል። እሷ «ትዳር እፈልጋለሁ» ብትል የቸኮለች እንዳትመስል ትፈራለች። እሱም «ለትዳር ገና ነኝ» ቢል እንዳያጣት ይፈራል። ቲንደርና ሂንጅ ላይ የሚፈልጉትን የግንኙነት ዓይነት መምረጥ ይቻላል፤ ደንበኞቼ ግን ወይ ባዶውን ይተዉታል ወይ «ገና አልወሰንኩም» የሚለውን ይነካሉ።

አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ባለ ዝምታ ዓመታት አሳለፈች። በዓል ሲመጣ ዶሮ ሠርታለታለች፣ ሲታመም አስታምማዋለች። በመጨረሻ ስለ ትዳር ስታነሳ «መቼ ቃል ገባሁልሽ?» አላት። ቃል አልገባም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ልጅ ለመውለድ የነበራት ጊዜ እያጠረ መሆኑን ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር። እሱ እያወቀ ዝም ማለቱን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ለጊዜው የሚሆን ግንኙነት የሚፈልጉም ይመጣሉ። ይህን ስጽፍ የሚቆጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያየሁትን እናገራለሁ። «እኔ ትዳር አልፈልግም፣ ለጊዜው ነው» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ለሌላው የመምረጥ ዕድል ይሰጣል፤ እምቢ ማለት ይቻላል። «ለቁም ነገር ነው» እያለ ለጊዜው የሚፈልግ ግን የሰው ዕድሜ ይበላል።

የአፖቹ መግቢያ ነፃ የሆነበትንም ምክንያት ማወቅ ደግ ነው። አፖቹ የሚተዳደሩት በማስታወቂያ፣ እንዲሁም ተጨማሪ ላይክ ለማግኘትና ማን ላይክ እንዳደረጋቸው ለማየት በሚከፍሉ ሰዎች ነው። አዲስ ፊት አያልቅም፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ትንሽ ቅር ያሰኘ ሰው በጣት ይታለፋል።

በእኛ መካከል ደግሞ ወረቀት የሚባል ጣጣ አለ። አንዱ ዜጋ፣ ሌላው ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅ ሲሆን፣ «እኔን ነው ወይስ ወረቀቴን?» የሚለው ጥርጣሬ ሳይነገር ሆድ ውስጥ ያድጋል። አዲስ አበባ ካለ ሰው ጋር በአፕ ተዋውቀው ሳይተያዩ ቀለበት የሚያስቡም አሉ። ለእጮኛ ቪዛ የሚያመለክት ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ከእጮኛው ጋር በአካል መገናኘት አለበት። ደንበኞቼ በዚህ ሕግ ያማርራሉ፤ እኔ እደግፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም መታለላቸውን ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አመልክተዋል፤ አጣን ያሉት ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በአካል ላላያችሁት ሰው ገንዘብ አትላኩ፣ ለእናቱ መታከሚያ ነው ቢልም።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ጠይቁ፤ የራሳችሁንም ፍላጎት ሳትደብቁ ተናገሩ። «እናያለን» የሚል መልስ ከመጣ እስከ መቼ እንደምታዩ ተነጋግራችሁ ቀን ቁረጡ። ቀኑ ሲደርስ መልሱ ያው ከሆነ በሰላም ተሰነባበቱ።