የጥርስ ብሩሽ በፀጉር ብሩሽ ላይ ይመሰክራልን?

የፓተንት መርማሪ የቀረበለትን ፈጠራ ከቀደምት ዕውቀት ጋር ሲያነጻጽር ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንደኛው ነገሩ አዲስ ነው ወይ የሚል ነው፤ በዚህ ረገድ ቀደምቱ ሰነድ ከየትኛውም ሙያ ቢመጣ ይቆጠራል። ሁለተኛው፣ አዲስ ቢሆንስ ለሙያው ሰው እንዲሁ የሚገለጥ አልነበረም ወይ የሚል ነው፤ የባዕድ ሙያ ሰነድ ክርክር የሚያስነሣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለሙያ የሌሎችን ሙያዎች ጽሑፍ ሁሉ ያውቃል ማለት አግባብ ስለማይሆን፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ሰነዱ ከሁለት አንዱን እንዲያሟላ ይጠይቃሉ፤ ወይ ከፈጠራው ጋር በአንድ የሥራ መስክ መሆን፣ ወይ መስኩ ቢለያይም ፈጣሪው ሊፈታው ለተነሣው ችግር በአግባቡ የሚጠቅም መሆን።

“አንድ መስክ” የሚለውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ቃል ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት በወሰነው የቢጂዮ ጉዳይ አመልካቹ ያቀረበው የፀጉር ብሩሽ ሲሆን፣ በመቃወሚያነት የተጠቀሱት የጥርስ ብሩሽ ፓተንቶች ነበሩ። ማመልከቻው ቃሉን በራስ ፀጉር ብቻ ስላልወሰነው፣ የፊትን ፀጉር የሚያበጥርም “የፀጉር ብሩሽ” ተባለ። ቃሉ እንዲህ ከሰፋ በኋላ በቅርጹ የሚመሳሰለውና ጢም ሊያበጥር የሚችለው የጥርስ ብሩሽ በዚያው መስክ ውስጥ ተገኘ። ዳኛ ፖሊን ኒውማን ግን በሐሳብ ተለይተዋል። በአማርኛ ቢሆን ክርክሩ በሌላ መንገድ በሄደ ነበር፤ የአገጩን “ጢም”፣ ከዓይን በላይ ያለውን “ቅንድብ” ስለምንል “ፀጉር” ብቻውን ሲነገር የራሱን ያስቀድማል። የአመልካቹ ተቃዋሚ በበኩሉ የደረት ፀጉርና የፍየል ፀጉር ማለታችንን ይጠቅስ ነበር።

በ1992 እ.ኤ.አ. በተወሰነው የክሌይ ጉዳይ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ፈጠራው በነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከር ግርጌ፣ ከመውጫው በታች ያለውን ቦታ በጄል ሞልቶ የተጣራው ነዳጅ በዚያ እንዳይቀር የሚያደርግ ዘዴ ነበር። የተጠቀሰበት ሰነድም ስለ ጄል ይናገራል፤ ነገር ግን ጄሉ የሚገባው ከምድር በታች ባለ ዓለት ውስጥ ነው፣ ዓላማውም ድፍድፍ ዘይት በተሻለ እንዲወጣ ነው። ሁለቱንም “የነዳጅ ኢንዱስትሪ” የሚለው ስም ቢሸፍናቸውም ፍርድ ቤቱ በስሙ አልረካም፤ መስኩም ችግሩም የተለያዩ ናቸው አለ።

በእኔ አስተያየት ሁለተኛው መመዘኛ ይበልጥ የሚታመን ነው፤ ከስም ይልቅ ሥራን ይመለከታልና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2007 እ.ኤ.አ. በኬ.ኤስ.አር. ጉዳይ፣ የታወቀ ዕቃ ከተሠራበት ዓላማ ውጭም ግልጽ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ሲናገር ወደዚሁ አዘንብሏል።

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ቀደምት ዕውቀትን በየትኛውም የዓለም ክፍል፣ በቃል የተገለጠውን ጭምር ይጨምራል። ስለዚህ ማመልከቻ የሚያረቅ ሰው “ብሩሽ” ብሎ ከማለፉ በፊት፣ የምን፣ የትኛውን የአካል ክፍል፣ ለምን ችግር የሚሉትን በመግለጫው ውስጥ ቢወስን፣ ትርጉሙን ለመርማሪው አይተውለትም።