ከሽቦው በፊት የራስ ቅል ይለካል

ሁለት የ11 ዓመት ልጆችን እናስብ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሁለቱም ገጣጣ ናቸው። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ከታችኛው ርቆ ወጥቷል፤ ከንፈራቸው ያለ ትግል አይገጥምም። ላያቸው ሰው ችግራቸው አንድ ነው። ውስጡ ግን ይለያያል። የወንዱ ልጅ መንጋጋዎች በቦታቸው ናቸው፤ ያዘነበሉት ጥርሶቹ ብቻ ናቸው። የልጅቷ ጥርሶች ደግሞ ቀጥ ብለው በቅለዋል፤ ወደ ኋላ የቀረው የታች መንጋጋዋ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ሽቦ ማከም ስህተት ነው። ልዩነታቸውን በቁጥር የሚያወጣው ዘዴ ሴፋሎሜትሪ ይባላል፤ የራስ ቅልን በራጅ ላይ የመለካት ጥበብ ነው።

ጥርስን በሽቦ ማቃናት ከዚህ ልኬት በፊትም ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስን አገጣጠም በሦስት ምድብ ከፈለ። መነሻው የላይኛውና የታችኛው ትልልቅ የመንጋጋ ጥርሶች እንዴት እንደሚገናኙ ነበር። ሐኪሞች ዛሬም በዚህ ምድብ ይሠራሉ። ምድቡ ግን ጥርስ ከጥርስ ጋር ያለውን ግንኙነት እንጂ ጥርሱን የተሸከመው አጥንት የት እንደቆመ አይነግርም።

ይህን ክፍተት የሞላው የአንግል ተማሪ የነበረው የክሊቭላንዱ ሆሊ ብሮድቤንት ነው። በከተማው ዩኒቨርሲቲ የአካል አወቃቀር ተመራማሪው ዊንጌት ቶድ ደረቅ የራስ ቅሎችን አጥብቆ ይዞ የሚለካ መሣሪያ ነበረው። ብሮድቤንት መሣሪያውን በሕይወት ላለ ልጅ እንዲሆን አድርጎ አሻሻለውና ከራጅ ጋር አጣመረው፤ ሥራውንም በ1931 አሳተመ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሆፍራት ለብቻው ተመሳሳይ ዘዴ አቀረበ።

የመሣሪያው ዋና ጥበብ ጭንቅላትን አለማንቀሳቀሱ ነው። ሁለት ዘንጎች በሁለቱ ጆሮ ቀዳዳዎች ገብተው ራስን ይይዛሉ፤ የራጁ ምንጭ በጎን በኩል ከራስ ቅሉ መሀል 5 ጫማ፣ ማለትም 152 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ርቀቱና አቀማመጡ ስለማይለወጡ ዘንድሮ የተነሳው ምስል ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚነሳው ጋር ተደራርቦ ሊነጻጸር ይችላል። ከተራ ራጅ የሚለየውም ይህ ነው፤ የልጁን ዕድገት ራሱን ያሳያል።

ሐኪሙ በምስሉ ላይ ነጥቦችን ያኖራል። የመጀመሪያው በአንጎል ሥር፣ የፒቱታሪ ዕጢ በተቀመጠችበት የአጥንት ጎድጓዳ መሀል ነው። ሁለተኛው የግንባርና የአፍንጫ አጥንቶች የሚገናኙበት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር እንደ መሠረት ይወሰዳል፤ ምክንያቱም ይህ የራስ ቅል ክፍል ከፊት አጥንቶች ቀድሞ ዕድገቱን ያገባድዳል። ከዚያ የላይ መንጋጋና የታች መንጋጋ ከመሠረቱ አንጻር ያላቸው ማዕዘን ይለካል። በስፋት የሚጠቀሰው አማካይ ለላይኛው 82 ዲግሪ፣ ለታችኛው 80 ዲግሪ፣ ልዩነቱም 2 ዲግሪ ነው። የልጅቷ ቁጥር 82 እና 75 ቢሆን የጎደለው የታች መንጋጋዋ መሆኑ ይታያል። የወንዱ ልጅ 82 እና 80 ሆኖ የፊት ጥርሶቹ ማዘንበል ከልክ ቢያልፍ ግን የሚታረመው ጥርሱ ነው።

ለወንዱ ልጅ ብዙዎች ብሬስ የሚሉት የጥርስ ሽቦ ይበቃዋል። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ መያዣ ይጣበቃል፤ ሽቦው በመያዣዎቹ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል። ስንጥቁንም ሽቦውንም አራት ማዕዘን ያደረገው በ1920ዎቹ አንግል ራሱ ነው፤ በዚህም የጥርሱን አናት ብቻ ሳይሆን ሥሩንም ማዘዝ ተቻለ። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ የሚያያይዘው እጅግ ቀጭን የሆነ ሕያው ጅማት ነው። ሽቦው ሲገፋ በተጫነው ወገን አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳት፣ በተሳበው ወገን አጥንት የሚገነቡ ሕዋሳት ይነሳሉ። ጥርሱ በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሽቦውን ማጥበቅ ጉዞውን አያፈጥነውም፤ የበዛ ኃይል የጅማቱን ደም ያግዳል፣ ሥሩንም ሊያሳጥር ይችላል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የኒኬልና የቲታኒየም ቅልቅል ሽቦ የተወደደው ቀላል ኃይል ለረጅም ጊዜ ስለሚሰጥ ነው።

ልጅቷ ገና በማደግ ላይ ስለሆነች ሌላ መሣሪያ ይታሰብላታል። ለምሳሌ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ክላርክ በ1977 የሠራው ባለ ሁለት ክፍል መሣሪያ የታች መንጋጋን ወደ ፊት አስወጥቶ ያቆያል። አብዛኛው ለውጥ ከጥርሶች መንቀሳቀስ፣ ጥቂቱ ከመንጋጋው ዕድገት ይመጣል። ዕድገት ካበቃ በኋላ ትልቅ የመንጋጋ ልዩነትን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቆዩት አማካይ ቁጥሮች በአመዛኙ የተወሰዱት ከነጭ አሜሪካውያን ነው። በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ ጥርስና ከንፈር ትንሽ ወደ ፊት መውጣታቸው ተፈጥሯዊ ነው። ቁጥሩን እንደ ሕግ የያዘ ሐኪም ጤናማ ፊትን "ሊያርም" ብሎ ጥርስ ሊነቅል ይችላል። በእኛ አገር ፍንጭት ጥርስ የውበት ምልክት ሆኖ ሲወደስ ኖሯል፤ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ክፍተቱን መድፈን ሕክምና አይባልም። ልኬት ለሰው ፊት መመሪያ እንጂ ፈራጅ ሊሆን አይገባም።

የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (ጥርስ አቃኝ ሐኪሞች) ማኅበር ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ ይመክራል። መታየት ማለት ወዲያው ሽቦ ማሰር አይደለም፤ ራጁም ቢሆን ጨረሩ አነስተኛ ቢሆን እንኳ በምክንያት ብቻ ይነሳል። ወላጅ ከመስማማቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ችግሩ የጥርስ ነው ወይስ የመንጋጋ? የቀረ ዕድገት አለ? ሽቦው ከተፈታ በኋላ ጥርሱን በቦታው የሚያቆየውን መያዣ ለምን ያህል ጊዜ ያደርጋል? ጥርስ ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ ዝንባሌ ስላለው፣ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሁለቱ ባልተናነሰ የሕክምናውን ውጤት ይወስናል።