በችኮላ መክሳትና የሐሞት ጠጠር

ሠርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ምግብ የምትተው ሙሽራ፣ ከወሊድ በኋላ ቀሚሷ እምቢ ብሏት በሻይና በሰላጣ ብቻ የምትውል እናት በየሰፈራችን አሉ። ውድ አንባብያን፣ ክፋቱ መክሳቱ ሳይሆን ችኮላው ነው።

ሰውነት ስቡን በፍጥነት ሲያቀልጥ ጉበት ወደ ሐሞት የሚጨምረው ኮሌስትሮል ይበዛል። የሐሞት ከረጢት ደግሞ በደንብ የሚጨመቀው ቅባት ያለው ምግብ ሲበላ ነው። ቅባቱ ጨርሶ ከቀረ ሐሞቱ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ ኮሌስትሮሉም እየዘቀጠ ጠጠር ይሠራል። በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ የሚቀንስ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ሴቶች፣ በተለይም የወለዱት፣ ቀድሞውንም ለጠጠር ቅርብ ናቸው።

በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ይበቃል። ወጡም ጥቂት ዘይት ይኑረው፤ «ቅባት የሌለው ሁሉ ጤና ነው» በሚለው እኔ አልስማማም። በረመዳን ጾመኛ ማታ ማታ ያፈጥራል፤ ለመክሳት ብሎ ኢፍጣሩን በውሃና በቴምር ብቻ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጠጠሩ ብዙውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ከምግብ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር ተነስቶ ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ ሕመም ካለ ሐኪም ይየው። ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫነት ከተጨመረበት ግን «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ማደር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።